«የኋለኛው ጠላት»፦ ስለ ሙታን ትንሣኤና ስለ ሞት መሻር ጥያቄና መልስ

የጥናታችን ተሳታፊዎች ስለ ሙታን ትንሣኤ ብዙ ጥያቄ ልካችኋል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አጣምሬ እንደሚከተለው መልሻለሁ። አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በሚስማሙበት ጉዳይ ላይ በድፍረት እናገራለሁ፤ በሚለያዩበት ላይ ደግሞ ልዩነቱን ሳልሸፍን አስቀምጣለሁ። ደጋግሜ የምመለስበት ምንባብ ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው የመጀመሪያው መልእክት 15ኛ ምዕራፍ ነው።

ጥያቄ፦ ክርስቶስ ሞትን ድል ነሥቷል እንላለን፤ ሰው ግን ዛሬም ይሞታል። ድሉ ታዲያ የት አለ?

መልስ፦ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይህ በመሆኑ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። ሐዋርያው ሞት ከዓለም ጠፍቷል አላለም። በምዕራፉ ከቁጥር 20 እስከ 26 ቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ መጀመሪያ ክርስቶስ በኵር ሆኖ ተነሣ፣ ቀጥሎ በመምጣቱ የእርሱ የሆኑት ይነሣሉ፣ ከዚያም ፍጻሜ ይሆናል። «የኋለኛው ጠላት የሚሻረው ሞት ነው» የሚለው ቃል የሚገኘውም በዚሁ ሥፍራ ነው። ስለዚህ ድሉ አንድ ሆኖ ሳለ የሚፈጸመው በሁለት ጊዜ ነው። የተፈጸመው፣ ሞት ኃጢአት በሌለበት በክርስቶስ ላይ እጁን ጭኖ ሊይዘው አለመቻሉ ነው። የሚቀረው ደግሞ ያው ኃይል በመቃብር ባሉት ሁሉ ላይ የሚገለጥበት ቀን ነው። ክርስቶስ ብቻውን ተነሥቶ ቢቀር ኖሮ ታላቅ ተአምር ይባል ነበር እንጂ የሞት መሻር አይባልም ነበር። በኵር መባሉ ተከታዮች እንዳሉት ያስረዳል፤ ጳውሎስም ሙታን የማይነሡ ከሆነ ክርስቶስም አልተነሣም እስከ ማለት የደረሰው ሁለቱን ፈጽሞ ስለማይለያቸው ነው።

እስከዚያው ድረስ የሚለወጥ ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። የዕብራውያን መልእክት በ2ኛው ምዕራፍ ሰዎች በሕይወታቸው ሁሉ በሞት ፍርሃት ባርነት ተይዘው እንደ ነበሩና ክርስቶስ ከዚህ ነጻ ሊያወጣቸው እንደ ሞተ ይናገራል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን እስክንድርያዊው ቅዱስ አትናቴዎስ ለትንሣኤው ማስረጃ አድርጎ ያቀረበው ይህንኑ ነው፤ ቀድሞ ሞትን ይፈሩ የነበሩ ሰዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ፣ በክርስቶስ ካመኑ በኋላ እንደሚንቁት ጠቁሟል። በእኔ አስተያየት ክርክሩ ዛሬም ክብደቱን አላጣም።

ጥያቄ፦ አልዓዛርም፣ የናይን መበለት ልጅም፣ የኢያኢሮስ ልጅም ከሞት ተነሥተዋል። ክርስቶስ «በኵር» የሚባለው ስለምንድን ነው?

መልስ፦ እነርሱ የተመለሱት ወደዚሁ ሟች ሕይወት ስለሆነ ነው። ወንጌላዊው ዮሐንስ ሁለቱን መቃብሮች የገለጸበትን መንገድ አስተያይታችሁ አንብቡ። አልዓዛር በአራተኛው ቀን ሲጠራ እጁና እግሩ በመግነዝ እንደ ታሰረ፣ ፊቱም በጨርቅ እንደ ተጠመጠመ ወጣ፤ ሌሎች ሰዎች ይፈቱት ዘንድ ማዘዝ አስፈለገ። በ20ኛው ምዕራፍ ግን ጴጥሮስ ወደ ክርስቶስ መቃብር ሲገባ የተልባ እግሩ ልብስ ተቀምጦ፣ በራሱ ላይ የነበረው ጨርቅም ለብቻው ተጠምጥሞ አየ። አልዓዛር መግነዙን እንደ ለበሰ ወጣ፤ ሌላ ጊዜም ያስፈልገዋል። ክርስቶስ ግን ትቶት ሄደ። ሐዋርያው በሮሜ 6፥9 ክርስቶስ ከሙታን ተነሥቶ ወደ ፊት እንዳይሞት፣ ሞትም ዳግመኛ እንዳይገዛው የሚናገረው ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ ነፍስ የማትሞት ከሆነች የሥጋ ትንሣኤ ምን ያስፈልጋል? ነፍስ ከሥጋ መለየቷ ራሱ ነጻነት አይደለምን?

መልስ፦ ይህ አሳብ በምእመናን ዘንድ እንኳ ሥር የሰደደ ነው፤ ብዙ የሐዘን ንግግሮችም ሳያስቡት ይደግሙታል። ጥንት ከፍልስፍና ወገኖች አንዳንዶቹ ሥጋን የነፍስ ወህኒ አድርገው ያዩ ነበር። በሐዋርያት ሥራ 17 ላይ ጳውሎስ በአቴና ሲናገር ሰሚዎቹ እስከ ሙታን ትንሣኤ ድረስ ታገሡት፤ ይህን ሲሰሙ ግን እኩሌቶቹ አፌዙበት። ያፌዙት ከሞት በኋላ ሕይወት አለ ስለ ተባለ ብቻ አልነበረም፤ ሥጋ መመለሱ ከንቱ መስሎ ስለ ታያቸው ጭምር ነው። የክርስትና እምነት ግን እግዚአብሔር ሰውን ነፍስና ሥጋ አድርጎ እንደ ፈጠረውና የፈጠረውም እጅግ መልካም እንደ ሆነ ያምናል። ሞት ይህን አንድነት የሚበጥስ ከሆነ፣ የተበጠሰው እንዳለ ቀርቶ ነፍስ ብቻዋን ብትኖር ሞት ምርኮውን እንደ ያዘ ይቀራል። እንግዲህ ትንሣኤ የሌለበት የነፍስ ሕይወት ከሞት ጋር የተደረገ ስምምነት እንጂ የሞት ሽንፈት አይሆንም። በ381 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት አባቶችም በሃይማኖት መግለጫቸው ማብቂያ ላይ የሙታንን ትንሣኤና የሚመጣውን ሕይወት ተስፋ እንደሚያደርጉ የመሰከሩት በዚህ እምነት ነው።

ጥያቄ፦ ትንሣኤ ማለት በእምነት አዲስ ሕይወት መጀመር ነው፤ ስለዚህ አሁኑኑ ተፈጽሟል የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው፤ በጥምቀት ከክርስቶስ ጋር ተነሥታችኋል የሚል ትምህርት በቈላስይስ 2፥12 አለ። ሌላው ሁሉ ቀርቶ ይህ ብቻ ይበቃል ማለት ግን በ2ኛ ጢሞቴዎስ 2 የተነቀፈው፣ ትንሣኤ ከአሁን በፊት ሆኗል ይሉ የነበሩት የሄሜኔዎስና የፊሊጦስ ስሕተት ነው።

ጥያቄ፦ በእሳት የተቃጠለ፣ ባሕር የበላው፣ አውሬ የቦጫጨቀው ሰው እንዴት ሊነሣ ይችላል?

መልስ፦ ጥያቄው ከቤተ ክርስቲያን ጋር የተወለደ ያህል ጥንታዊ ነው። በ177 ዓ.ም. በጋሊያ (በዛሬዋ ፈረንሳይ)፣ በሊዮን ከተማ፣ ክርስቲያኖች ከተገደሉ በኋላ አሳዳጆቹ አስከሬናቸውን ለስድስት ቀን ሜዳ ላይ አሰጡት፤ ከዚያም አቃጥለው አመዱን ወደ ሮን ወንዝ ጠራርገው ጣሉት። የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ያቆየልን የዚያች ቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ እንደሚገልጸው፣ ይህን ያደረጉት ሰማዕታቱ የትንሣኤ ተስፋ እንዳይኖራቸው ነበር። እነዚያ ሰዎች ስለ ክርስቲያኖች እምነት የተረዱት አንድ ትክክለኛ ነገር ነበር፤ የሥጋ ትንሣኤ እንደሚጠበቅ ዐውቀዋል። የሳቱት ግን የእግዚአብሔርን ኃይል በአመድ መጠን መለካታቸው ነው። ሰውን ካለመኖር ያመጣ ፈጣሪ፣ የነበረውን ለመመለስ የተከማቸ ቅሪት አያስፈልገውም። ያረጀ አስከሬንም ቢሆን በጊዜ ብዛት ትቢያ ይሆናልና፣ በክብር የተቀበረውና በእሳት የጠፋው በመጨረሻ እኩል የሚጠብቁት ያንኑ የፍጥረት ጌታ ነው።

ጥያቄ፦ የምንነሣው በዚሁ አካል ነው ወይስ በሌላ? አካል ጉዳተኛ ሆኖ የኖረ ሰውስ?

መልስ፦ ጳውሎስ የዘራኸውና የበቀለው አንድ ሆኖ ሳለ መልኩ ግን እንደሚለይ በዘር ምሳሌ አስረድቷል፤ በመበስበስ ይዘራል፣ ባለመበስበስ ይነሣል። አካሉ ያው ነው፤ ድካሙና መፍረሱ ግን የለም። ከዚህ በላይ የምንይዘው ዋስትና ክርስቶስ ራሱ ነው፤ በሉቃስ 24 ደቀ መዛሙርቱ መንፈስ ያዩ መስሏቸው በፈሩ ጊዜ እጁንና እግሩን አሳያቸው፤ ከተጠበሰ ዓሣም ተቀብሎ በፊታቸው በላ። ከመከራው የቀረው የችንካር ምልክት ግን አልጠፋም፤ ለቶማስም አሳየው።

ይህ ስለ አካል ጉዳተኞች ለተጠየቀው ይጠቅመናል። ሥቃይና አቅም ማጣት እንደሚወገድ አያጠራጥርም፤ ኢሳይያስ አንካሳ እንደ ሚዳቋ እንደሚዘልል ተናግሯልና። ቅዱስ አውግስጢኖስ ግን የሰማዕታት ቁስል ምልክት በትንሣኤ ሥጋቸው ላይ እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ክብር ሊታይ እንደሚችል ገምቷል። ግምት ነው፤ ዶግማ አይደለም። እኔ ግን ደስ የሚለኝ፣ ሰው በሕይወቱ የተሸከመው ሁሉ እንደ ነውር ተፍቆ እንደማይጠፋ ስለሚያሳይ ነው።

ጥያቄ፦ ከሞት እስከ ትንሣኤ ባለው ጊዜ ነፍስ የት ናት?

መልስ፦ በዚህ አብያተ ክርስቲያናት ይለያያሉ። አብዛኞቹ በሉቃስ 23፥43 እና በፊልጵስዩስ 1፥23 መሠረት ነፍስ ከክርስቶስ ጋር በንቃት እንደምትቆይ ያስተምራሉ፤ ካቶሊካውያን ነፍስ ከሞት በኋላ ስለምታልፍበት መንጻት ይጨምራሉ፤ ሙታን እስከ ትንሣኤ ድረስ በእንቅልፍ እንደሚቆዩ የሚያምኑም አሉ። ሁሉም የሚስማሙበት ግን ያ ጊዜ መጨረሻው አለመሆኑ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ካረፈች ወራት አልፈዋል፤ ሳለቅስ የሚያዩኝ ወገኖች «እምነት ቢኖርህ አታለቅስም ነበር» ይሉኛል። መልስዎን እሻለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። እንዲህ የሚሉህ ሰዎች ሐዋርያው በ1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13 የተናገረውን ግማሹን ቈርጠው ይዘዋል። «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች ደግሞ እንዳታዝኑ» አለ እንጂ አትዘኑ አላለም። ጌታችን አልዓዛርን ከደቂቃዎች በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ አጠገብ አለቀሰ። እምነት የሞትን ክፋት ይክድ ቢሆን ኖሮ እርሱ ባላለቀሰ ነበር። ሞትን ወዳጅ አድርጎ ማቅረብ፣ «ለበጎ ነው» እያሉ ሐዘንተኛን ማፋጠን፣ ሞትን ጠላት ብሎ ከሚጠራው መጽሐፍ ጋር አይስማማም። ጠላት ስለሆነ ታለቅሳለህ፤ የሚሻር ስለሆነም ልቅሶህ ያለ ተስፋ አይሆንም።

ጥያቄ፦ በራእይ 20 «ሁለተኛው ሞት» ተብሏል። ሞት ከተሻረ እንዴት ሁለተኛ ሞት ይኖራል?

መልስ፦ ስለታም ጥያቄ ነው። በዚያው ቁጥር 14 ላይ ወደ እሳት ባሕር የሚጣሉት ሞትና ሲኦል ራሳቸው ናቸው፤ እስከዚያ ሰውን ሲውጡ የኖሩት እነርሱ ይዋጣሉ። የመጀመሪያው ሞት ጻድቅንም ኃጥእንም ሳይለይ የሚወስድ ነው፤ ዮሐንስ 5፥29 እንደሚያስተምረውም በመቃብር ያሉት ሁሉ ይነሣሉ፣ እኩሌቶቹ ለሕይወት፣ እኩሌቶቹ ለፍርድ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሞት ማንንም ይዞ አይቀርም። ሁለተኛው ግን በፍርድ የሚመጣ ከእግዚአብሔር መለየት ነው። አብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይህ ለዘለዓለም እንደሚቀጥል ይናገራል፤ ጥቂቶች ፍጹም መጥፋት አድርገው ይተረጕሙታል። እኔ የምከተለው የመጀመሪያውን ነው።

ጥያቄ፦ በብሉይ ኪዳን የትንሣኤ ተስፋ አለ?

መልስ፦ አለ፤ ግን ቀስ በቀስ የበራ ነው። ኢሳይያስ 25፥8 እግዚአብሔር ሞትን ለዘላለም እንደሚውጥ ይናገራል፤ ጳውሎስም ያስታወሰው ይህንን ነው። ዳንኤል 12፥2 በምድር ትቢያ ካንቀላፉት ብዙዎች እንደሚነቁ ይገልጻል። ከአይሁድ ወገን የነበሩት ሰዱቃውያን ግን ትንሣኤን ይክዱ ስለ ነበር፣ ሰባት ወንድሞች ተራ በተራ ያገቧት ሴት በትንሣኤ የማን ሚስት ትሆናለች ብለው ጌታን ሊያጠምዱት ሞከሩ፤ እርሱም ከሚቀበሉት ከኦሪት ዘጸአት ጠቅሶ፣ እግዚአብሔር የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ እንደ ሆነ፣ እርሱም የሕያዋን እንጂ የሙታን አምላክ አለመሆኑን መለሰላቸው።

ጥያቄ፦ ታዲያ በትንሣኤ ጋብቻ ይኖራል?

መልስ፦ በዚያው ምላሽ «አያገቡም አይጋቡምም» ብሏል። ሞት በሌለበት ትውልድን መተካት አያስፈልግም። ሰዎች እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም ማለት ግን አይደለም።

ጥያቄ፦ የሞት መሻር ለሰው ብቻ ነው ወይስ ፍጥረትም ድርሻ አለው?

መልስ፦ ሮሜ 8፥21 ፍጥረትም ከጥፋት ባርነት ነጻ እንደሚወጣ ያስተምራል፤ ራእይ 21ም ስለ አዲስ ሰማይና ስለ አዲስ ምድር ይናገራል። ይህች ምድር ታድሳ ትቀጥላለች ወይስ አልፋ ሌላ ትተካለች በሚለው ላይ ተርጓሚዎች አይስማሙም። ክርስቶስ በዚያው በተቀበረ ሥጋ መነሣቱን ሳስብ እኔ ወደ መታደሱ አደላለሁ። ስለ እንስሳት ዕጣ በተለይ ለጠየቃችሁኝ ግን ቅዱሳት መጻሕፍት በዝርዝር የሚናገሩት የለምና ከዚህ አላልፍም።