ሄልፑ እየተንደረደረ አለፈኝ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ቤት ነው የምሠራው። የሰርግ ፎቶዎችን ከኡቡንቱ ላፕቶፕ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ፋይል በሚገለብጠው ፕሮግራም በአርሲንክ እገለብጣለሁ። «ዲሊት» የሚባለው አማራጩ ምን እንደሚሠራ ለማየት ሄልፕ ስለው ጽሑፉ እየተንደረደረ ያልፈኛል። የፈለግኩት ቃል ያለበትን መስመር ብቻ በሚያሳየው በግሬፕ ላጣራ ብዬ «--ዲሊት» ብለው ደግሞ «የማይታወቅ አማራጭ» አለኝ። ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐሳብህ ልክ ነው፤ ያስቸገሩህ ሰረዞቹ ናቸው። ግሬፕ በሰረዝ የሚጀምር ቃል ሲያገኝ ለራሱ የተሰጠ ትእዛዝ ይመስለዋል። ስለዚህ ሰረዙን ትተህ «ዲሊት» ብቻ በለው። ሰረዙ የግድ ካስፈለገህ ከፊቱ ሁለት ሰረዝ ለብቻው አስቀምጥ። እዚህ በፊደላችን የጻፍኩትን አንተ በላቲን ፊደል አስገባው፦

አርሲንክ --ሄልፕ | ግሬፕ -- --ዲሊት

ቀጥ ብላ የቆመችው መስመር ፓይፕ ናት፤ የግራውን ውጤት ተቀብላ ለቀኙ ታቀብላለች። ፓይፕም ግሬፕም በፈረንጆቹ 1973 ዩኒክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ የገቡ፣ የኮምፒውተር ባለሙያው ኬን ቶምሰን የጻፋቸው ናቸው። እስከ ዛሬ ያገለግሉናል።

አንዳንድ ፕሮግራም ሄልፑን የሚያወጣው በስህተት መልእክት መንገድ ነው። ያኔ ግሬፕ ምንም አይደርሰውም፣ ጽሑፉም ሳይጣራ ይወርዳል። ከፓይፗ በፊት 2>&1 ጨምርበት፤ የስህተት መልእክቱም በፓይፗ በኩል እንዲያልፍ ያደርጋል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። የሚወጣልህ አንድ መስመር ብቻ አይደለም። ከመገልበጡ በፊት የሚያጠፋ፣ ከገለበጠ በኋላ የሚያጠፋ፣ ሌላም ሌላም አለ። ሁሉንም አንብባቸው። ዋናው «--ዲሊት» ላፕቶፑ ላይ የሌለውን ፋይል ከሃርድ ዲስኩም ላይ ይሰርዛል። ቦታ ጠቦህ ያለፈውን ወር ሰርግ ከላፕቶፑ አጥፍተህ ከሆነ፣ ያለህ ብቸኛ ኮፒም አብሮ ይሄዳል። እኔ የእህቴን ልጅ የክርስትና ፎቶ ያጣሁት እንዲህ ነው። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ «-ኤን» እና «-ቪ» ጨምረህ አስኪደው። ምንም ሳይነካ ሊያደርግ ያሰበውን ብቻ ይነግርሃል። ሊሰርዘው ካሰበው ፋይል ፊት «ዲሊቲንግ» ብሎ ይጽፋል። ፎቶው ብዙ ነውና ይህንንም በፓይፕ ለግሬፕ ስጠውና «ዲሊቲንግ» የሚለውን ፈልግ። የአንድ ደንበኛ ሰርግ እንኳ እዚያ ውስጥ ብቅ ካለ፣ ለዛሬ «--ዲሊት» የሚለውን አውጥተህ ገልብጥ።