መልስ፦ የድሮው ቤት ጡብ ፊቱ ለምን ይላጣል?

ጡብህን የሚልጠው በኋላ በጡቦቹ መካከል የተሞላው ሲሚንቶ ነው። እንደ አንተ ያለ በ1800ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ የእንግሊዝ የገጠር ቤት ጡቡ የተያያዘው በኖራ ነው፤ ለስላሳው ጡብ የጠጣውን ውሃ የሚተነፍሰው በኖራው በኩል ነበር። ሲሚንቶ ሲዘጋበት እርጥበቱ በጡቡ ፊት ይወጣል፤ ብርዱ ሲመጣ በረዶ ሆኖ ይፈነቅለዋል።

ግድግዳው መሃሉ ክፍት ነው ወይ ላልከው፣ አይደለም። በፎቶህ በየረድፉ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር ጡብ ይፈራረቃል። አጭሩ የጡቡ ራስ ነው፤ ከውጭ እስከ ውስጥ ዘልቆ ግድግዳውን ያስረዋል። ውፍረቱ ወደ 23 ሳንቲሜትር፣ ድፍን ነው።

1. ሲሚንቶውን በመዶሻና በቀጭን መሮ ቀስ እያልክ አውጣ።
2. ጡቡን አርጥበህ በጡቦቹ መካከል ያለውን ክፍተት በኖራና በአሸዋ ድብልቅ ሙላው፤ ቶሎ እንዳይደርቅ እርጥብ ጆንያ አልብሰው።

ግራይንደር (የኤሌክትሪክ መቁረጫ) ግን እንዳታስነካው። እኔ ቸኩዬ በአንድ ከሰዓት የስድስት ጡቦች ጠርዝ በላሁ፤ እስከ ዛሬ ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል።