ጥያቄና መልስ፦ ኮራል ሪፍን መጀመሪያ ያጠኑት እነማን ናቸው?

እሺ፣ መድረኩ ክፍት ነው። ርዕሳችን የድሮዎቹ የኮራል ሪፍ አጥኚዎች ናቸው፤ ሪፍ የምንለው ኮራል ባሕር ውስጥ የሚሠራውን የድንጋይ ግንብ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ሰውየው ባሕሩን ያየበትን ዓመትና መጽሐፉ የታተመበትን ዓመት አትቀላቅሉ። እዚህ ቤት ግማሹ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚያ ነው።

ጀማሪዋ፦ መምህር፣ ኮራል እንስሳ መሆኑን የደረሰበት ማነው?

መልስ፦ ፔይሶኔል፣ የማርሴይ ሐኪም፣ በ1720ዎቹ። ከእሱ በፊት ጣሊያናዊው ተመራማሪ ማርሲሊ አበባ አገኘሁበት ብሎ ተክል አድርጎት ነበር። ፔይሶኔል አበባ የተባለው ራሱ እንስሳ ነው ሲል ፓሪስ ላይ ሰሚ አጣ። ፈረንሳዊው ሊቅ ሬዩመር እንኳ ሐሳቡን ለሳይንስ አካዳሚው ሲያቀርብ የሰውየውን ስም ደበቀው፤ እንዳያፍር ብሎ ነው አሉ። ይህ ግን የሜዲትራኒያን ኮራል ነው፣ ሪፍ አይደለም።

የምጽዋው ልጅ፦ ወደኛ ወደ ቀይ ባሕር የመጣስ የለም?

መልስ፦ እንዴት የለም! መጀመሪያ ፎርስኮል፣ የስዊድኑ የተፈጥሮ ሊቅ የሊኒየስ ተማሪ። የዴንማርክ ንጉሥ ከላከው ቡድን ጋር መጣና በ1763 የመን ውስጥ ሞተ። ከቡድኑ በሕይወት የተመለሰው ካርታ አንሺው ኒቡር ብቻ ነው። የፎርስኮልን ማስታወሻ በ1775 ያሳተመውም እሱ ነው። ዛሬ የብዙ ቀይ ባሕር ዓሣ ሳይንሳዊ ስም አጠገብ «ፎርስኮል፣ 1775» ተብሎ ይጻፋል። ያኔ ሰውየው ከሞተ 12 ዓመት ሆኖታል። ዓመት አትቀላቅሉ ያልኩት ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ሁለት ጀርመኖች መጡ፣ ሄምፕሪች እና ኤረንበርግ። ጓደኛሞች ናቸው። በ1820 ግብፅ ገብተው ቀይ ባሕርን ለዓመታት ዞሩት። ሄምፕሪች በ1825 ምጽዋ ላይ በትኩሳት ሞተ። ኤረንበርግ ብቻውን ተመለሰ። በ1834 ያወጣው ጽሑፍ የቀይ ባሕር ኮራል በነባር አለት ላይ የተለበደ ስስ ልባስ ነው ይላል። እዚህ ላይ ወደ ታች ከምናየው ከዳርዊን ሐሳብ ጋር አይገጥምም።

የምጽዋው ልጅ፦ የድሮ ምጽዋ ቤቶችም በኮራል ነው የተሠሩት።

ሐይቅ ዳር፦ ኖራ ድንጋይ ነው እንጂ።

የምጽዋው ልጅ፦ ኮራል ነው አልኩህ! ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ቀዳዳው ይታያል።

ሐይቅ ዳር፦ እሱን ተወውና፣ ወደቡ ራሱ የማን ነበር?

መልስ፦ ኮራል የሚሠራው ድንጋይ ራሱ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የወደቡን ነገር ሌላ ቦታ።

ቶሎ መልስ፦ ዳርዊን ጠልቆ አይቶታል?

መልስ፦ አልጠለቀም። እኔን የሚገርመኝም ይኸው ነው፤ የያኔው ሥራ የገመድ ሥራ ነው። ዳርዊን የተሳፈረባት መርከብ ቢግል በሚያዝያ 1836 ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ኪሊንግ ደሴቶች ደረሰች። ካፒቴን ፊትዝሮይ የእርሳስ ክብደት ገመድ ላይ አስሮ፣ የክብደቱን ታች ሞራ አስቀብቶ ይጥላል። ሞራው የነካውን ይዞ ይወጣል። እስከ 18 ሜትር ድረስ ሞራው ንጹህ ነው፤ የኮራሉ ቅርጽ ታትሞበታል፣ አሸዋ የለበትም። ወደ ጥልቁ ሲኬድ ቅርጹ እየጠፋ አሸዋው ይበዛል። ስለዚህ ሕያው ኮራል ያለው ላይኛው ውኃ ላይ ነው። ከዚያ ከዳርቻው 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ራቅ ብለው 2,200 ሜትር ገመድ ለቀቁ። ወለሉን አልነካም!

እንቆቅልሹ እዚህ ላይ ነው። እንስሳው ጥልቅ ውኃ ውስጥ አይኖርም፤ ታዲያ ያን የሚያህል ግንብ ከየት መጣ? የጂኦሎጂ ሊቁ ላይል ቀለበት መሳዩ ደሴት፣ አቶል የሚባለው፣ በሰመጠ እሳተ ገሞራ አፍ ዙሪያ የበቀለ ነው ይል ነበር። ዳርዊን ደግሞ መሬቱ ቀስ እያለ ሲሰምጥ ኮራሉ ወደ ላይ ያድጋል አለ። ሐሳቡ የመጣለት ደቡብ አሜሪካ ሳለ ነው፣ እውነተኛ ሪፍ በዓይኑ ሳያይ። መጽሐፉ የወጣው በ1842 ነው። ዓመቱን ልብ በሉ።

አዲስ ገቢ፦ ስለ ኮራል ንገረን።

መልስ፦ ስለ ኮራል ምኑን?

ጂኦሎጂ ነኝ፦ የባሕር ተመራማሪው መሬይስ? መስመጥ አያስፈልግም ብሎ አልነበር?

ሐይቅ ዳር፦ አሜሪካዊው ተመራማሪ አጋሲዝም ከመሬይ ጋር ነበር። ዳርዊን ስሙ ስለገነነ ነው እንጂ።

ጂኦሎጂ ነኝ፦ በስም አይደለም፣ በቁፋሮ ነው ያሸነፈው።

መልስ፦ ቁፋሮው ወዲያው አልፈረደም፣ አትቸኩሉ። መሬይ ቻሌንጀር ከተባለችው የምርምር መርከብ ጉዞ ተመልሶ በ1880 ያለው፣ ከባሕር ወለል የተነሳ ጉብታ ላይ ደለል እየተከመረ ኮራል ወደሚኖርበት ከፍታ ይደርሳል ነው። የለንደኑ የሳይንስ ማኅበር ሮያል ሶሳይቲ ፓስፊክ ውስጥ ያለ ፉናፉቲ የሚባል አቶል ላይ ከ1896 እስከ 1898 አስቆፈረ። 340 ሜትር ወረዱ፣ አሁንም ኮራል። ሁለቱም ወገን እኛ ረታን አለ። ነገሩ የለየለት በ1952 ኤኒዌቶክ ላይ ነው፣ አሜሪካኖች ያኔ ቦምብ ይሞክሩበት የነበረ የፓስፊክ አቶል። ከ1,200 ሜትር በላይ ወርደው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መቱ፤ ዳርዊን እንዳለው ከኮራሉ ሥር የሰመጠ መሬት ነበረ። ከመጽሐፉ 110 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ሌላ ጠያቂ፦ ዳርዊን ግን ውኃ ውስጥ ገብቶ ነው የደረሰበት?

መልስ፦ ወገኖቼ፣ ከላይ አንብቡ። ገመድ፣ እርሳስ፣ ሞራ።

ጀማሪዋ፦ ሪፍ ላይ ተቀምጦ ያጠና ቡድን ነበር?

መልስ፦ የእንግሊዛዊው የባሕር እንስሳት ተመራማሪ የዮንግ ቡድን፣ አውስትራሊያ፣ ሎው አይልስ በተባሉት ደሴቶች፣ 1928–29። አንድ ዓመት ያህል ቆዩ፤ ሴት ተመራማሪዎችም ነበሩበት። የመጥለቂያ ቆብ አድርገው የገቡ አሉ።

ቶሎ መልስ፦ የኮራል ዶቃ ግራሙ ስንት ነው?

መልስ፦ ወርቅ ቤት ጠይቅ።