ከተማዋን የሚያዛት ማነው?

ጥያቄ፦ አትላንታ ኮሌጅ እማራለሁ። አንዱ ጥናት ከተማን የሚገዟት ጥቂት ባለሀብቶች ናቸው ይላል፤ ሌላው ሥልጣኑ የተከፋፈለ ነው ይላል። የሰፈሬን ጉዳይ ላጠና ነው። የትኛውን ልከተል? (ም. ከአትላንታ)

መልስ፦ እህቴ፣ የመጀመሪያው ጥናት የተሠራው እዚያው አንቺ ያለሽበት ነው። ፍሎይድ ሀንተር በ1953 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ከተማዋን በስሟ አልጠራትም እንጂ አትላንታ ነበረች። ከተማዋን የሚያውቁ ሰዎችን «እዚህ አድራጊ ፈጣሪው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ስሞቹ ተበጥረው 40 ቀሩ። በብዛት ነጋዴዎች ነበሩ።

ሁለተኛውን ጥናት ለሠራው ለሮበርት ዳል ይሄ አልተዋጠለትም። ኀይለኛ ነው ተብሎ መወራትና በተግባር መወሰን ለየቅል ናቸው ባይ ነው። ኒው ሄቨን በምትባል ሌላ የአሜሪካ ከተማ ላይ ሦስት ጉዳይ መረጠ፦ መልሶ ማልማት፣ ትምህርትና የፓርቲ ዕጩ አመራረጥ። በ1961 ያወጣው ውጤት፣ በአንዱ ጉዳይ የሚወስነው ሰው በሌላው እምብዛም የለበትም የሚል ነው። ከከንቲባው ከሪቻርድ ሊ በቀር። (በዚያ መልሶ ማልማት ኦክ ስትሪት የሚባለው የድሆች ሰፈር ፈርሶ መንገድ ወጥቶበታል። ይሄን አትርሺ።)

በ1962 ባክራክና ባራትዝ የሚባሉ ሁለት ምሁራን ሌላ ነገር አነሱ። ጉዳዩ ከነጭራሹ ለውሳኔ እንዳይቀርብ ማድረግም ሥልጣን ነው አሉ። እኔ የምከተለው እነሱን ነው።

ነገሩ የገባኝ በምኖርበት ትንሽ ከተማ ነው። ጎረቤቴ የልጆቿ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ መብራት እንዲተከል ልትጠይቅ ምክር ቤት ሄደች። አብሬያት ነበርኩ። ጉዳዩ አጀንዳ ላይ ስለሌለ የተሰጣት ሦስት ደቂቃ ነው። ወረቀቱ እጇ ላይ ይንቀጠቀጣል። ግማሹን ሳታነብ ሰዓቱ አለቀ። «እናመሰግናለን» ተባለች። ማንም አልተቃወማትም፣ ድምፅም አልተሰጠበትም። ማቆሚያው ዛሬም ጨለማ ነው። ውሳኔ ብቻ የሚቆጥር ተማሪ ያቺን ሴት ከየት ያገኛታል?

ስለዚህ የምክር ቤቱን የአንድ ዓመት አጀንዳ ሰብስቢ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ባገኘሽበት ሁሉ ሰዉን «ምን ቸገራችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጪ። ሰው የሚያማርርበት ግን አጀንዳ ላይ የሌለ አንድ ጉዳይ ያዢና የት እንደቀረ ተከታተይ። ጽሕፈት ቤት? ኮሚቴ? ወይስ ሰዉ ገና ሳይጠይቅ ተስፋ ቆርጦ ተወው? ይሄን የመጨረሻውን ወገን በእንግሊዝኛ ብትጠይቂው ዝም ሊልሽ ይችላል። በአማርኛ ጠይቂው፤ ጊዜም ስጪው።