ከአቅራቢው ጀርባ ማን አለ? በአቅርቦት ሥራ ላይ ለተሰማሩ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

በግዥና በአቅርቦት ሥራ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። እኔ ሥራ ስጀምር መርከብ ከወደብ ከተነሣ በኋላ ስለ እሱ የምንሰማው ሲደርስ ነበር፤ እናንተ ግን ያለበትን ቦታ በእጅ ስልካችሁ ታያላችሁ። በሥራ ዘመኔ ክፉኛ የጎዳኝ ነገር በየትኛውም ካርታ ላይ የማይታይ በመሆኑ ስለ እሱ ልጻፍላችሁ ወደድሁ።

ድርጅታችን የውኃ ፓምፕ ይገጣጥም ነበር። ከመለዋወጫዎቹ መካከል ውኃ እንዳያፈስ የሚይዝ አንድ የጎማ ቀለበት አለ፤ ዋጋው ከፓምፑ ዋጋ አንጻር ከቁጥር የማይገባ ቢሆንም ያለ እሱ ፓምፑ ከፋብሪካ አይወጣም። በአንድ አቅራቢ ላይ መንጠልጠል አደገኛ መሆኑን ስለማውቅ፣ በሁለት አገሮች ከሚገኙ ሁለት ድርጅቶች ጋር ውል ገብቼ ጉዳዩ አለቀ ብዬ ተቀመጥሁ። ከጊዜ በኋላ ሁለቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ የማስረከቢያ ቀን የሚያራዝም ደብዳቤ ላኩልኝ። ደብዳቤዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳነብ፣ የተጠቀሰው፣ ቀለበቱ የሚሠራበት የጎማ ውህድ መለያ ፊደሉም ቁጥሩም አንድ ነበር። ሁለቱም ውህዱን የሚገዙት ከአንድ ፋብሪካ ነበር፤ ያ ፋብሪካ ደግሞ ሥራ አቁሟል። ቀለበት ብቻ የጎደላቸው ፓምፖች በመጋዘኑ ወለል ላይ ለሳምንታት ተደርድረው ሲቀመጡ በየማለዳው በመካከላቸው እያለፍሁ ወደ ቢሮዬ እገባ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ውሉን ስፈርም «ጥሬ ዕቃውን ከማን ትገዛላችሁ?» ብዬ አልጠየቅሁም።

ስለዚህ ጠይቁ። የንግድ ምስጢር ነው ብለው ስም ባይነግሯችሁ እንኳ፣ ጥሬ ዕቃው ከየትኛው አገር እንደሚመጣና ሌላ ምንጭ ይኑረው አይኑረው ሊነግሯችሁ ይገባል። ዕቃዎችን በወጪያቸው መጠን ደረጃ መስጠት የተለመደ ነው፤ በዚህ አሠራር ውድ የሆነው ዕቃ የሥራ አስኪያጁን ትኩረት ሲያገኝ ርካሹ ቀለበት ግን ማንም ሳያየው ይቀራል። እኔ ከዚያ በኋላ «ይህ ቢጠፋ ሥራው ስንት ቀን ይቆማል?» የሚለውን መለኪያ ነው የያዝሁት።

ሁላችሁም ልታውቁት የሚገባ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 2000 በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ፣ አልበከርኪ ከተማ በሚገኘው የፊሊፕስ የቺፕ (በእጅ ስልክ ውስጥ የሚገባ ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ክፍል) ፋብሪካ በመብረቅ ምክንያት እሳት ተነሣ። እሳቱ በደቂቃዎች ውስጥ ቢጠፋም፣ ቅንጣት አቧራ እንኳ እንዳይገባባቸው የሚጠበቁት ክፍሎች በጭስና በውኃ ተበከሉ። ዋነኞቹ ደንበኞች የእጅ ስልክ አምራቾቹ ኖኪያና ኤሪክሰን ሲሆኑ፣ በመጀመሪያ የተነገራቸው መዘግየቱ አንድ ሳምንት ያህል እንደሚሆን ነበር። ኖኪያ ዕቃውን በልዩ ክትትል ሥር አድርጎ በየቀኑ መጠየቅ ጀመረ፤ ጉዳቱ ከተባለው በላይ መሆኑን ሲረዳም የፊሊፕስን ሌሎች ፋብሪካዎችና የሌሎች አምራቾችን አቅም ቀድሞ ያዘ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ማለት ይህ ነው። ኤሪክሰን የተነገረውን አምኖ ጠበቀ፤ ሲነቃ የሚገዛው ትርፍ ቺፕ በገበያ ላይ አልነበረም፤ ኪሳራውም በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር ተቆጠረ። በ2001 የእጅ ስልክ ሥራውን ከሶኒ ጋር አጣመረ። ለዚያ ውሳኔ ሌሎች ምክንያቶችም ስለነበሩ ሁሉንም በእሳቱ ማሳበብ ተገቢ አይመስለኝም፤ ይሁን እንጂ ሁለቱ ድርጅቶች አንድ ዜና ሰምተው ያደረጉት ነገር የተለያየ መሆኑን ልብ በሉ።

ሁለተኛው ስጋቴ አማካይ ቁጥር ነው። ከአሥር ጭነቶች ስምንቱ በ35 ቀን፣ ሁለቱ በ60 ቀን ቢደርሱ አማካዩ 40 ቀን ይሆናል፤ በ40ኛው ቀን የደረሰ ጭነት ግን አንድም የለም። መጠባበቂያ ክምችታችሁን በዚያ 40 ላይ ብቻ ከመሠረታችሁ፣ ከአምስት ጭነቶች አንዱ ባዶ መደርደሪያ ያሳያችኋል። በማርች 2021 ርዝመቱ 400 ሜትር የሆነው «ኤቨር ጊቭን» የተባለ መርከብ የስዊዝን ቦይ ለስድስት ቀናት ሲዘጋ፣ በወደቦች ላይ የፈጠረው መጨናነቅ ከስድስት ቀን እጅግ የረዘመ ነበር። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በቀይ ባሕር በደረሱ ጥቃቶች ምክንያት ብዙ መርከቦች በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞረው ስለሄዱ፣ ከእስያ ወደ አውሮፓ የሚደረገው ጉዞ በአሥር ቀናትና ከዚያም በላይ ረዘመ።

ዕጥረት ሲወራ ከሚያስፈልገው በላይ ማዘዝም ያጓጓል። ሁሉም ሲያደርገው አቅራቢው እውነተኛውን ፍላጎት መለየት ይሳነዋል፤ ዕጥረቱ ሲያልፍም መጋዘኑ ማንም በማይፈልገው ዕቃ ይሞላል። ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ጄይ ፎሬስተር ይህ የትዕዛዝ መወዛወዝ በአቅርቦት ሰንሰለቱ ላይ እንዴት እየገዘፈ እንደሚሄድ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አሳይተዋል፤ እኛ ግን በየዕጥረቱ እንደገና እንሳሳታለን።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላችኋለሁ። የአቅራቢያችሁ ሠራተኛ ደውሎ «ጭነቱ ሊዘገይ ይችላል» ሲላችሁ አትቆጡት። ከተቆጣችሁት በሚቀጥለው ጊዜ የምትሰሙት ዕቃው ይደርሳል በተባለበት ቀን ይሆናል። አመስግኑትና ምን ያህል እንደሚዘገይ፣ ይህንንም በምን እንዳወቀ ጠይቁት፤ ከዚያ የተረፋችሁን ክምችት ቆጥራችሁ ለምርት ክፍሉ በዚያው ዕለት ንገሩ።