መልስ፦ የሌቲቫ ቺዝ ከግሩየር በምን ይለያል?

ጤና ይስጥልኝ። የሌቲቫ ቺዝ ከግሩየር፣ ማለትም ከታወቀው የስዊዘርላንድ ጠንካራ ቺዝ፣ በምን እንደሚለይና የገዙት ማሸጊያ ላይ ያለው የላሞች ሰልፍ ምን እንደሆነ ጠይቀዋል።

ሌቲቫ በስዊዘርላንድ ቮ ካንቶን (ክፍለ ግዛት) የምትገኝ ትንሽ የተራራ መንደር ስትሆን፣ በስሟ የሚጠራውን ቺዝ ወደ 70 የሚጠጉ ቤተሰቦች ከሜይ 10 እስከ ኦክቶበር 10 ባለው ጊዜ ብቻ፣ ከ1,000 እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ላሞቻቸው የተራራ ሣር እየጋጡ ሳሉ ይሠሩታል። ሁለቱ ቺዞች ዘመዳሞች ናቸው፤ ሆኖም የሌቲቫ አርቢዎች የግሩየር ደንብ ላልቷል በማለት በ1930ዎቹ የራሳቸውን መንገድ ያዙ።

ዋናው ልዩነት በእኔ አስተያየት እሳቱ ነው። ወተቱ የሚሞቀው በትልቅ የመዳብ ድስት፣ የግድ በእንጨት እሳት ሲሆን፣ ድስቱ በሚዞር ክንድ ላይ ስለሚንጠለጠል ሙቀቱ ሲበዛ እሳቱን ሳይነኩ ድስቱን ወደ ጎን ያዞሩታል። ወተቱ ከጥጃ ጨጓራ በሚገኝ ኢንዛይም ይረጋል፤ ስለዚህ አሬራ ተሞቆ ከሚወጣው የእኛ አይብ ጋር አሠራሩ አይገናኝም። ከዚያም የረጋውን በጨርቅ ጠልፈው ያወጡና በቅርጽ ውስጥ ይጫኑታል፤ በመንደሩ ምድር ቤትም ለወራት ይበስላል።

የላሞቹ ሰልፍ ደግሞ ከብቱ ወደ ተራራ የሚወጣበትን ቀን የሚያሳይ ሲሆን፣ በአካባቢው የታወቀው የወረቀት ቆረጣ ጥበብ ዋና ርዕስ ነው። የዚህ ጥበብ ፈር ቀዳጅ ዮሐን ያኮብ ሃውስቪርት (1809–1871) ከእርሻ ወደ እርሻ የሚዞር ድሃ የቀን ሠራተኛ ነበር።