ዶላር ስፖት ላስቸገረው ፌርዌይ፦ ክሬንሾው ወይስ ዴክላሬሽን?

ሁለቱም የቤንትግራስ (ቀጭን ቅጠል ያለው የጎልፍ ሜዳ ሳር) ዝርያዎች ናቸው፤ ዴክላሬሽንን ዝራ። ሜሪላንድ ውስጥ በየሰመሩ ዶላር ስፖት (ሳር የሚያጠቃ የፈንገስ በሽታ) የሚመላለስበት ፌርዌይ (የጎልፍ ሜዳው አጭር ሳር ያለበት መጫወቻ መስመር) ላይ ክሬንሾው አይሆንህም፤ ከቤንትግራስ ዝርያዎች ለዚህ ፈንገስ በጣም ከሚጋለጡት አንዱ ነው። በ1955 የወጣው ፔንክሮስ የተባለው ዝርያ በሽታውን በመቋቋም ከሁለቱ መሃል ነው።

የኤንቴፕን (የአሜሪካ ብሔራዊ የሳር ግምገማ ፕሮግራም) የዝርያ ፍተሻ ሰንጠረዥ ስታይ አጠቃላይ ጥራቱን ትተህ የዶላር ስፖቱን ዓምድ ተመልከት። ነጥቡ ከ1 እስከ 9 ነው፣ 9 በሽታ የለም ማለት ነው።

መጀመሪያ ግን በሽታውን አረጋግጥ፦ ጠዋት ጤዛው ሳይነሳ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ነገር፣ ቅጠሉ ላይ ደግሞ ዳር ዳሩ ቡናማ የሆነ ገለባማ ጠባሳ ታያለህ።

ካየሁት ልንገርህ፦ ዘሩን በቆመው ሳር ላይ መበተን ብር ማባከን ነው፤ አሮጌው ሳር አዲሱን ቡቃያ ያፍነዋል። አሮጌውን አጥፍተህ በኦገስት መጨረሻ ዝራ። የፈንገስ መድኃኒት ርጭቱም ይቀንስልሃል እንጂ ጨርሶ አይቀርም፤ ለአለቃህ ከአሁኑ ንገረው።